ለውሻ የተሳልኩት ጃንጥላ

አደራን የፈጠረው ሰው ውሻ አልነበረውም። ኖሮትም ከሆነ የደጅ ውሻ ነው፤ ፍርፋሪ ሲወረወርለት ጅራቱን የሚቆላ፣ ሌባ ሲያይ የሚጮኽ፣ «ሂድ!» ሲሉት የሚሄድ፣ ማን ጌታ ማን ሎሌ እንደሆነ ያለ አስተርጓሚ የሚገባው ጨዋ ውሻ። እኔም እስከ ስድሳ ስድስት ዓመቴ ድረስ ውሻ ማለት ይኸው ይመስለኝ ነበር። ካረጁ በኋላ ትምህርት አይገባም የሚሉ ሰዎች አሉ። ይገባል እንጂ! አስተማሪው ገመድ አስይዞ አስፋልት ላይ ከጎተተህ፣ በጉልበትም በክርንም በኩል ይገባል።

ጓደኛዬ ተስፋይ የአስመራ ልጅ ነው። አዲስ አበባ አብረን ተማርን፤ ፍራንክፈርት አብረን አረጀን። እሱ ቦከንሃይም፣ እኔ ጊንሃይም ከረጅሙ የቴሌ ማማ ሥር። ሚስቱ ሄልጋ ጀርመን ነበረች። ነፍሷን ይማረውና ደግ ሴት ነበረች፤ አንድ ጥፋት ብቻ ነበረባት፤ እሱም ኢጎር ይባላል።

ኢጎር ሀስኪ የሚሉት ዘር ነው። ለማታውቁት፣ ሀስኪ ማለት ተኩላ ሊሆን ተነሥቶ መንገድ ላይ ሐሳቡን የቀየረ እንስሳ ነው። በበረዶ አገር ጭነት ይጎትታል አሉ። አንድ ዓይኑ ሰማያዊ፣ አንድ ዓይኑ ቡናማ ነው። በሰማያዊው ይንቅሃል፤ በቡናማው ያዝንልሃል።

ሄልጋ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ልጅ አልነበራቸውም። ለተስፋይ ከእሷ የቀረው ይኸው ውሻ ነው። ጦርነቱ አልቆ የአስመራ መንገድ ሲከፈት፣ ከሃያ ዓመት በኋላ እናቱን ሊያይ ትኬት ቆረጠና፣ በግንቦት አንድ ቀን ውሻውን እየጎተተ፣ ይቅርታ፣ ውሻው እሱን እየጎተተ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ መጣብኝ።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣» አለኝ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ «ስድስት ሳምንት ብቻ።»

ባለቤቴ ብዙነሽ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። ውሻውን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየች። ሠላሳ ዓመት በትዳር የኖረ ሰው ያቺን አስተያየት ያውቃታል። «እምቢ በል» ማለት ነው። እኔም እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ተስፋይ ግን ቀደመኝ።

«የሄልጋ ነው፤ ታውቃለህ። እሱ አንድ ነገር ቢሆን እኔ…» አለና የቀረውን ዋጠው። «አደራ።»

በቃ፣ አለቀ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። «ምን ችግር አለ! ውሻ አይደል?» አልኩ። ይሉኝታ ለሚባለው በሽታ በጀርመን አፖቴክም መድኃኒት አልተገኘለትም።

እንግዲህ እኔ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ኒደርራድ፣ ከእነዚያ የመስታወት ቢሮዎች በአንዱ ሀውስማይስተር ነበርኩ፤ የሕንጻ ጠባቂም ጠጋኝም ማለት ነው። መቶ ምናምን በር በእጄ ነበር። ዳይሬክተሩ ራሱ ቁልፍ ሲጠፋው ይለማመጠኝ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራ ነው። ዋናው ግን በር ማለት ምን እንደሆነ የማውቅ ሰው መሆኔን እንድትይዙልኝ ነው።

ኢጎርን በመጀመሪያው ቀን መኝታ ቤት ዘጋሁበትና ሻይ ልጠጣ ተቀመጥኩ። ቀና ስል አጠገቤ ቆሟል። የጀርመን በር እጀታው ወደ ታች የሚጫን ነው፤ መዳፉን ጣል ያደርግበታል፣ ይከፈትለታል። ማቀዝቀዣውን በአፍንጫው ይከፍታል። ሙቀቱ ሲበረታበት ደግሞ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ገንዳው ውስጥ መተኛት ጀመረ። ገላዬን ልታጠብ ስገባ ቀና ብሎ ያየኛል፤ «ሰው አለ» እንደ ማለት። ይቅርታ ጠይቄ በሩን ዘግቼለት እወጣለሁ።

ስሙን ስትጠሩት አይመጣም። ደንቆሮ መስሎኝ ነበር። የሥጋ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ግን ከሦስት ክፍል ማዶ ይሰማል። አማርኛ አልገባው ይሆናል ብዬ በጀርመንኛ ጠራሁት፤ አልመጣም። ብዙነሽ «በትግርኛ ይሆን እንዴ?» አለች። እኔም ጎረቤት እንዳይሰማኝ ዝቅ ብዬ «ንዓ! ንዓ!» አልኩት። ያን ጊዜ በቡናማው ዓይኑ አየኝ።

ደግሞ ጠጉሩ! የክረምት ልብሱን የሚያወልቅበት ወር ኖሯል። ወጡ ውስጥ ጠጉር፣ የጸሎት መጽሐፉ ውስጥ ጠጉር። ብዙነሽ አንድ ጠዋት ከሶፋው ሥር የጠረገችውን ክምር ቆማ ታየው ታየውና «እንዝርት ቢኖረኝ ጋቢ ይወጣዋል» አለች። ስቃ አይደለም።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላሉ የእኛ ሰዎች። ይኼኛው በልቶም ጠግቦም አይጮኽም። ሌባ ቢመጣ ቤቱን አዙሮ የሚያስጎበኝ ይመስለኛል። የአምቡላንስ ድምፅ የሰማ እንደሆነ ግን አንገቱን ወደ ጣራው ያቀናና ያላዝናል። ማላዘን ደግሞ በአገራችን ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ውሻ ካላዘነ ሰው ይሞታል። ብዙነሽ ባላዘነ ቁጥር ታማትባለች። «ዛሬ ደግሞ ማን ሊሞት ነው?» በኢጎር ስሌት ቢሆን ኖሮ ጊንሃይም በሁለተኛው ሳምንት ባዶዋን ትቀር ነበር።

ከሁሉ የከፋው መደበቁ ነው። የቤቱ ውል ውሻ ይከለክላል። ቤተ ክርስቲያኑም አለ። እኔ የሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ፤ «ውሻ ገንዳዬ ውስጥ አስተኝቼ፣ የተረፈኝን ውኃ ተለቃልቄ መጣሁ» ብዬ በምን አፌ አስቀድሳለሁ? ስለዚህ እንግዳ መጥራት ተውን። አንድ ቀን በር ሲንኳኳ «የሉም!» ብዬ ራሴ ከውስጥ መልሻለሁ። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ማለት እኔ ነኝ። የሐዋርያት ጾም ሲገባ ደግሞ ባሰ፤ እኔ እጾማለሁ፣ እሱ አይጾምም። ሥጋ ቤት ገብቼ ሻጩ ሲጠቀልልልኝ፣ በመስታወቱ ማዶ እትዬ ዘነበች ቆመው ያዩኛል። እትዬ ዘነበች የደብራችን ጋዜጣ ናቸው፤ ያውም በየቀኑ የሚወጣ። አንገታቸውን ሁለት ጊዜ ነቅንቀው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በምእመናኑ ዘንድ ጾም ገዳፊ ሆንኩ።

ተስፋይ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከአስመራ ይደውላል። እናቱ ደህና ናት ይላል፤ አስመራ ተለውጣለች ይላል፤ ምንም አልተለወጠችም ይላል፤ ከዚያ ድምፁ ዝቅ ይላል። «እስቲ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርግለት።» አደርግለታለሁ። ሄልጋ ታወራው በነበረው ጀርመንኛ ያወራዋል። ኢጎር ያዛጋል። እኔ «ጅራቱን እየቆላ ነው!» እላለሁ።

በአራተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ጠዋት፣ ቆሻሻ ልጥል ወረድኩ። በሩን ገፋ አድርጌ ብቻ ነው የተውኩት። ስመለስ ደረጃው ላይ ተላለፍን፤ እሱ ወደ ታች፣ እኔ ወደ ላይ። ረጋ ብሎ፣ ግድግዳውን ይዞ፣ እንደ ጎረቤት ነው የሚወርደው። ሰላም ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር። ነገሩ የገባኝ ሁለት ደረጃ ከወጣሁ በኋላ ነው።

በነጠላ ጫማ እስከ ኒዳ መናፈሻ ሮጥኩ። ኢጎር ሜዳው መካከል ቆመ፤ ዞረና አየኝ፤ እንድደርስበት ጠበቀኝ። አንድ እርምጃ ሲቀረኝ ሄደ። እንዲህ እያደረገ ሦስት ጊዜ አስተናገደኝ። በአራተኛው ጉልበቴን አስፋልት ላይ ጥዬው ቀረሁ። አንድ ሯጭ ቆሞ ካነሣኝ በኋላ «ተኩላ ነው?» አለኝ። «የጓደኛ አደራ ነው» አልኩት። ከተኩላ እንደሚብስ አልገባውም።

የጠፋ እንስሳ ወደሚመዘገብበት ቦታ ደወልኩ። ሴትዮዋ ትሑት ናት።

«ስሙን ሲጠሩት ይመጣል?»

«አይመጣም።»

«የተለየ ምልክት አለው?»

«ይኸው ነው ምልክቱ።»

አድራሻዬን ስትጠይቀኝ የቤቱ ውል ትዝ አለኝና ስልኩን ዘጋሁት። ቀጥሎ፣ ታማኝ ውሻ ጌታው ደጃፍ ሄዶ ይቀመጣል ሲባል ሰምቼ ቦከንሃይም ሄድኩ። ሦስት ፎቅ እያነከስኩ ወጣሁ። የተስፋይ በር ላይ የማስታወቂያ ወረቀት ብቻ ተሰክቷል። በሩ ላይ አሁንም የሄልጋ ስም ከስሙ በላይ ተጽፏል፤ አላነሣውም። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እናቱን ለማየት የሄደ ሰው ተመልሶ ወደዚህ በር ብቻውን ሲገባ ታየኝ።

ወደ ኡ-ባኑ ወርጄ፣ ባቡር ስጠብቅ፣ ጨነቀኝና ተሳልኩ። «ቅዱስ ሚካኤል፣ ይህን ውሻ መልስልኝ፤ በሰኔ በዓልህ ጃንጥላ አገባልሃለሁ።» ጃንጥላ ያልኩት ደግሞ ተራውን አይደለም፤ የወርቀ ዘቦ ጥልፍ፣ ዘርፍ ያለውን ነው። ሰው ሲጨንቀው ከሻማ መጀመር እንዳለበት አይታየውም።

«ለውሻ ተሳልክ?» አለች ብዙነሽ።

«ለተስፋይ ነው የተሳልኩት።»

«ሚካኤል ሥራ ፈቷል ወይ?»

«ውሻውም የእግዜር ፍጡር ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ራሱ ይሳል።» ግን በዚያ ምሽት በራፉን ገርበብ አድርጋ ስትተወው አይቻለሁ። አየሁሽ ብላት እንደምትክድ አውቃለሁ።

ቅዳሜም የለም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«ንገረው» አለችኝ ብዙነሽ። በእግዚአብሔር ስም፣ ልነግረው ነው ያነሣሁት።

«ሓወይ፣ እናቴ አጠገቤ ናት፤» አለ ተስፋይ። «ሰማያዊ ዓይን ያለው ውሻ የለም ብላ ትሟገተኛለች። እስቲ ድምፁን አሰማት። ሄልጋ ስትዘፍንለት ያላዝን እንደነበረው።»

«ተኝቷል» አልኩ።

«ቀስቅሰው። ቤቱን እያሰብኩ እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቻለሁ። አሰማኝ፣ በማርያም።»

በማርያም ተባልኩ። ምን ላድርግ? ስልኩን ራቅ አድርጌ፣ አንገቴን ወደ ጣራው አቅንቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አላዘንኩ። ሲጀምር ቀጭን ነበር፤ ዘይት እንዳጣ በር። ኋላ ግን የሦስት ቀኑ ጭንቀት መጣ፣ የተላጠው ጉልበቴ መጣ፣ በሩ ላይ የተጻፈው የሄልጋ ስም መጣ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ ድምፁ ራሱን ችሎ ወጣ። ታች ያለችው ጎረቤት ጣራዋን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበች። ብዙነሽ አማተበች፤ በዚህ ጊዜ ማን ሊሞት እንደሆነ አልጠየቀችም። ያወቀች ትመስላለች።



«ጉንፋን ይዞታል እንዴ?» አለ ተስፋይ።

«ትንሽ።»

«ድምፁ ሻክሯል። ማር በወተት ስጠው። እናቴ እያማተበች ነው።» ድምፁ ግን ቀለል ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያ ውሻ ካልተገኘ ሁለት ኃጢአት ነው ያለብኝ፤ አደራ መብላትና ውሻ መሆን።

ሰኞ ጠዋት የዳቦ መሸጫዋ ሴትዮ፣ ከመናፈሻው ማዶ ባሉት አትክልት ቦታዎች አንድ ተኩላ የመሰለ ውሻ ቋሊማ እየተመገበ እንደሆነ ነገረችኝ። ጀርመኖች ጡረታ ሲወጡ ከከተማው ዳር አንዳንድ ቁራሽ መሬት ይከራያሉ፤ ጽጌረዳ ይተክላሉ፤ አጥር ያጥራሉ፤ አጥሩን ይጠብቃሉ። አጥር ለአጥር እየዞርኩ አገኘሁት። አንድ ሆዳም ሽማግሌና ሚስቱ ጃንጥላ ተክለው ቁርስ ይበላሉ፤ ኢጎር በመካከላቸው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ወንበር ላይ! ሲያየኝ ከዚህ በፊት አይቶኝ የማያውቅ ሆነ።

«ውሻው የእኔ ነው» አልኩ።

ሽማግሌው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «እስቲ ጥራው።»

«ኢጎር!» አልኩ። ኢጎር የፖም ዛፉን ማየት ጀመረ። «ኢጎር፣ የኔ ጌታ!» ኢጎር ጀርባውን ሰጠኝ። ሴትዮዋ አዘነችልኝ፤ ሰውየው ግን ወደ አጥሩ መጥቶ መቀርቀሪያውን ያዘ። ሌባ ነህ የሚለውን ቃል በአክብሮት ሊለኝ ሲዘጋጅ ታየኝ።

ከዚህ በላይ ምን የሚቀር ክብር አለ? ኮፍያዬን አወለቅሁ፤ አንገቴን አቀናሁ፤ አላዘንኩ። ከእሑድ ጀምሮ ልምድ አለኝ። ኢጎር ጆሮውን አቆመ። ዞረ። ከዚያ ከወንበሩ ላይ ሳይወርድ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ተቀበለኝ፤ እንደ ደብተራ እየተቀባበልን አላዘንን። በየአጥሩ ላይ ራስ በቀለ። ሽማግሌው መቀርቀሪያውን ከፈተ። «ይበቃል፤» አለ፣ «የአንተ ነው። ውሰደው። እባክህን።»

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ደግ ነበር። ስለቱ ግን አለ።

የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በመንገደኛ እጅ ጃንጥላውን ላከችልኝ። የሰኔ ሚካኤል ዕለት፣ ከጀርመኖቹ በምንከራየው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ዘርግቼ ከፊት ቆምኩ። ሰጥቼ ዞር ልል ነበር ሐሳቤ። ቄሳችን ግን ማይክሮፎኑን ወደ አፌ አስጠጉት። «ስለትዎ ስለ ምን እንደነበር ለምእመናኑ ይመስክሩ እንጂ።»

«የጠፋብኝ…» አልኩ። ብዙነሽን በሴቶቹ በኩል አየኋት፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባዋለች። «የጠፋብኝ ዘመድ ተገኝቶልኝ ነው።»

እልልታው ጣራውን አነሣው። ቀድመው እልል ያሉት እትዬ ዘነበች ናቸው። በዚያ ዘመን ዘመድ ያልጠፋበት ሰው በመካከላችን አልነበረም፤ በጦርነቱ፣ በስደቱ፣ በበረሃው። ሰብለ የምትባል፣ ወንድሟ በሱዳን መንገድ እንደወጣ የቀረ ሴት፣ ከእልልታው መካከል ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያን ጊዜ ነው ያፈርኩት። ሳቁ ከሆዴ ወጥቶ ሄደ፤ ማይክሮፎኑን መልሼ ይዤ እውነቱን ልናገር ይገባኝ ነበር። ጉልበቴን አመመኝና ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ብዙነሽ በቀዳዳዋ አይታ «ሰባት ናቸው፤ ድፎ ይዘዋል፤ ቄሱም አሉ» አለች። እንኳን ደስ ያለህ ሊል የመጣ ሰው «የሉም» ተብሎ አይመለስም። ኢጎር ገንዳው ውስጥ ነው። የመታጠቢያ ቤቱን እጀታ ነቅዬ በክብ መያዣ ከለወጥኩት ሳምንቴ ነው፤ በሙያዬ ተማምኜ በሩን ከፈትኩ።

ተቀመጡ። ድፎው ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ።

«ታዲያ የት አለ ሰውየው?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ትንሽ አሞት ተኝቷል።»

«ውይ! ስንት ዓመቱ ነው?»

«ስምንት…» አልኩ።

«ሰማንያ ሊሞላው ነው» አለች ብዙነሽ። በሠላሳ ዓመት ትዳራችን ስትዋሽ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ከእኔ በተሻለ ትችላለች።

«በምን ቋንቋ ያወራል?» አሉ ቄሱ።

«አያወራም አባታችን። ብዙ አይቷል።»

ሁሉም ከንፈሩን መጠጠ። ሰብለ «እሱም በበረሃ ነው የመጣው?» ብላ በቀስታ ጠየቀችኝ። ልመልስላት ስል፣ በመንገዱ ላይ አምቡላንስ አለፈ።

ከመታጠቢያ ቤት የወጣውን ድምፅ በጽሑፍ አልሞክረውም። የሰድሩ ግድግዳ ሦስት እጥፍ አድርጎታል። እትዬ ዘነበች ብድግ አሉ። «በስመ አብ! ይኼማ በሽታ አይደለም፤ ርኩስ መንፈስ ነው! ለካ በጾም የገዛኸው ሥጋ ለእሱ ኖሯል? አየህ፣ ሥጋ ያሰኘዋል!» ቄሱ መስቀላቸውንና በፕላስቲክ ጠርሙስ የያዙትን ጠበል አንሥተው ወደ በሩ ሄዱ። ብከለክላቸውም አልሰሙኝም።

«አንተ መንፈስ፣ ማን ነህ? ስምህን ተናገር!»

ከውስጥ ማላዘን።

«ስሙ ማን ነው?» አሉ ወደ እኔ ዞረው።

«ኢጎር።»

«የሰውየውን ነው የጠየቅሁዎት፤ የመንፈሱን አይደለም።»

መያዣዬ በዚህ ጊዜ ወለቀ። ኒደርራድ እያለሁ እንዲህ ያለ ሥራ የሠራ ሰው ቢያጋጥመኝ አባርረው ነበር። በሩ ተከፈተና ኢጎር ከገንዳው እንደወጣ፣ ውኃው እየተንጠባጠበ፣ ወደ እንግዶቹ መጣ። መካከላቸው ቆመ። ራሱን አራገፈ። ቄሱንም መስቀሉንም እትዬ ዘነበችንም ምንም ሳያዳላ ረጫቸው። ከዚያ ድፎውን በሙሉ አንሥቶ ወደ ገንዳው ተመለሰ።



«እኔ…» አሉ እትዬ ዘነበች፣ «እኔ ዘነበች፣ ለውሻ ነው እልል ያልኩት?»

ቆሜ ሁሉንም ተናዘዝኩ። የተስፋይን፣ የሄልጋን፣ የኡ-ባኑን፣ የማይክሮፎኑን። ቄሱ ጢማቸውን በነጠላቸው እያደረቁ ሰሙኝና «የሰው አደራ ነው አሉኝ?» አሉ።

«አዎ አባታችን።»

«እንግዲያውስ ሚካኤል የጠበቀው አደራውን ነው። ስለ ውሸቱ ቅዳሜ መጥተው ይሰግዳሉ። ስንት እንደሆነ አስቤ እነግርዎታለሁ።»

ሰብለን ማየት አቃተኝ። እሷ ግን መዳፏን አፏ ላይ ጭና ትንቀጠቀጣለች፤ ለቅሶ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ነው። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «የእኔም ወንድም» አለች ትንፋሽ ሲያጥራት፣ «ይምጣልኝ እንጂ፣ እንደ ፈለገው ያላዝን!» ይህን ስትል እትዬ ዘነበችም ሳያስቡት ሳቁና ተቀመጡ። እኔ ስግደቴን ሰግጃለሁ። ጉልበቴ እስከ ዛሬ ይቆጥረዋል።

ተስፋይ በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ወደ እኛ መጣ። ከስቷል፤ ፀሐይ መትቶታል። ኢጎር ኮሪደሩ ላይ ተጋድሟል። ተስፋይ ሻንጣውን ጥሎ ተንበረከከ። ኢጎር ተነሣ፤ አልፎት ሄዶ ሻንጣውን አሸተተ፤ ተመልሶ የተስፋይ ጫማ ላይ ተኛ። ከዚህ የበለጠ ፍቅር ከእሱ አይጠበቅም። እኔ በስድስት ሳምንት ያገኘሁት ጫማዬን መታኘክ ብቻ ነው።

እትዬ ዘነበች ሳይቀድሙኝ መናገር ነበረብኝና ተናገርኩ። ራሴን አቀርቅሬ ፍርዴን ጠበቅሁ።

«ሦስት ቀን ጠፋ?» አለ ተስፋይ።

«ሦስት ቀን።»

«ብቻ?»

ቀና አልኩ።

«ይጠፋል እኮ። ሄልጋ እያለች በየወሩ ነበር የሚጠፋው። አንድ ጊዜ ማይንስ ከተማ ድረስ ሄደን አምጥተነዋል። የዘሩ ጠባይ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ትወስደው ነበር?»

ስድስት ሳምንት ሙሉ ያልተሰማኝ ድካም በአንድ ጊዜ መጥቶ ትከሻዬ ላይ ተቀመጠ።

ተስፋይ ገመዱን አሠረለት። «ና ኢጎር፣ ቤታችን።» ኢጎር አልተነሣም። ሳበው። እኔም አገዝኩት። ተደምረን ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የሆንን ሁለት ሰዎች እንደ ምንጣፍ እያንሸራተትን በሩ ድረስ አደረስነው፤ ደፉ ላይ ሲደርስ ጥፍሩን ተክሎ ቀረ። ተስፋይ ገመዱን አላላው።

«ስድስት ሳምንት የተዘጋ ቤት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እሱም ያውቃል፤ ማንም እንደሌለ።»



«ውሻው ካልተነሣ ሰውየው የት ይሄዳል?» አለች ብዙነሽ ከወጥ ቤት። «ኮቱን ያውልቅና እራት ይብላ።» ሦስት ሳህን ጠረጴዛው ላይ፣ አንድ ሳህን መሬት ላይ አደረገች። የመሬቱን ሥጋ የቆረጠችበትን እጅ ሦስት ጊዜ ስትታጠብ አይቻለሁ። ተስፋይ ስለ እናቱ፣ ስለ አስመራ፣ ማንም ስላልጠየቀው ነገር ሁሉ ሲያወራን አመሸ። ሶፋው ላይ አነጠፍንለት። ኢጎር ከሥሩ ገብቶ ተኛ።

ጠዋት ስንነሣ ሶፋው ባዶ ነው። ብርድ ልብሱ ታጥፏል፤ ገመዱ የለም፤ ሻንጣው የለም። ውሻው በራሱ ሰዓት ተነሥቷል፤ ተስፋይም ተከትሎታል። መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ገንዳው ባዶ ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም ይቅርታ ሳልጠይቅ ፊቴን ታጠብኩ።

ብዙነሽ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ወደ ተዘጋው በር ታያለች።

«ሳይሰናበት?» አለች።

«ተኝተን ስለነበር ነው። ተስፋይ ጨዋ ነው፤ ይደውላል።»

«ተስፋይን ማን አነሣው?» አለችና ባዶውን ሳህን ከመሬት አንሥታ ወደ ወጥ ቤት ገባች።